ከቤታችሁ የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ ወዴት ይሄዳል? ሲዘጋስ ኃላፊው ማን ነው?



በመርከዝ ክሊታ በምትኖሩበት ጊዜ ቧንቧ ቢፈስ ወይም መጸዳጃ ቤት ቢዘጋ የጣቢያው የጥገና ሠራተኛ መጥቶ ያስተካክለዋል። ወደ ቋሚ ቤት ስትገቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። በማሽካንታ (በቤት መግዣ ብድር) የምትገዙት ቤት ግድግዳውና ጣሪያው ብቻ አይደለም፤ በወለሉ ውስጥ የተቀበረውም ቧንቧ የእናንተ ይሆናል። ቧንቧው ደኅና ሲሆን ማንም አያስታውሰውም። ሲዘጋ ግን በአንድ ሌሊት ምንጣፍና አልጋ ያበላሻል፤ ከጎረቤት ጋርም ያጣላል።

ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ከቤታችሁ የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን ወደ ቧንቧው መጣል እንደሌለበት፣ ሲዘጋ ማንን እንደምትጠሩና ገንዘቡን ማን እንደሚከፍል ነው። ነገሩ በዕብራይስጥ ብዩቭ ይባላል። ብዩቭ የሚለው ቃል ውሃውንም፣ ቧንቧውንም፣ ሥራውንም በአንድነት ይጠቀልላል። በአማርኛ ለዚህ ሁሉ የሚሆን አንድ ቃል ስላልተገኘ እዚህ ላይ «ፍሳሽ» ተብሎ ተተርጉሟል። ስልክ ስትደውሉ ግን «ብዩቭ» በሉ፤ ቶሎ ይገባቸዋል።

ከላይ መቅዳት፣ ከታች ማጠብ

በአገራችን በወንዝ አጠገብ ስንኖር ማንም ያልጻፈው፣ ነገር ግን ሁሉም የሚያውቀው ሥርዓት ነበረን። የሚጠጣ ውሃ ከላይ ይቀዳል፤ ልብስ ከታች ይታጠባል፤ ከብት ከዚያ በታች ይጠጣል። ለመጸዳዳት ደግሞ ከመንደር ራቅ ተብሎ ይኬድ ነበር። ይህ ሥርዓት ጥበብ ነው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። የሚሠራው ግን ሰው ጥቂት፣ ቦታው ሰፊ ሲሆን ነው።

እዚህ አገር ሰው ብዙ ነው፤ ዝናብ የሚዘንበው በክረምት ብቻ ነው። የሚዘንበውም እንደ እኛ አገር በሰኔና በሐምሌ ሳይሆን ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚኖረው ሰው ከአንድ መንደር ሕዝብ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ «ከታች» የሚባል ቦታ የለም፤ የአንዱ ታች የሌላው ላይ ነው። የመጠጥ ውሃ በአንድ ቧንቧ ይገባል፤ ቆሻሻው በሌላ ቧንቧ ይወጣል፤ ሁለቱ መገናኘት የለባቸውም።

ሲገናኙ ምን እንደሚሆን በዚህችው አገር ታይቷል። በ1970 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በኢየሩሳሌም የኮሌራ በሽታ ገብቶ ነበር። ምክንያቱ ሲመረመር፣ በከተማው አካባቢ አንዳንድ ገበሬዎች ያልተጣራ የፍሳሽ ውሃ እያጠጡ ያበቀሉት አትክልት ሆኖ ተገኘ። ሰዎች አትክልቱን ጥሬውን በሰላጣ ይበሉት ነበር። ያ አትክልት ከእርሻው እንዲጠፋ ከተደረገ በኋላ በሽታው ቆመ።

ሌላም ነገር አለ። ፍሳሽ ስለ ሕዝቡ ጤና ይናገራል። በ2013 በደቡብ እስራኤል ከፍሳሽ ቧንቧ በተወሰደ ናሙና ውስጥ ልጆችን ሽባ የሚያደርገው የፖሊዮ በሽታ ተሐዋስ ተገኘ። ያን ጊዜ አንድም ልጅ ሽባ አልሆነም ነበር። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ግን ተሐዋሱ በሰው ሆድ ውስጥ እየተዘዋወረ መሆኑን ከፍሳሹ ስላወቀ፣ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት በአፍ የሚሰጠውን ጠብታ እንዲወስዱ አደረገ። በጢፓት ሐላቭ (በእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያ) ልጃችሁ የሚሰጠውን ክትባት አታስቀሩ የምንለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ፍሳሹ እንዴት ይጣራል?

ከቤታችሁ የወጣው ውሃ ከሕንፃው ቧንቧ ወደ ግቢው ጉድጓድ፣ ከዚያም ወደ መንገዱ ትልቅ ቧንቧ ይሄዳል። የሚሄደውም በአብዛኛው በራሱ ክብደት ቁልቁል እየወረደ ነው። በመጨረሻ ማጣሪያ ጣቢያ ይደርሳል። በመጀመሪያ የብረት ወንፊት ጨርቅና ፕላስቲኩን ይይዛል፤ ቀጥሎ አሸዋው ይዘቅጣል፤ ቀጥሎም ውሃው በትልልቅ ገንዳ ውስጥ ሲያርፍ ዝቃጩ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ በኋላ አየር ይነፋበታል። አየር የሚነፋው በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ተሐዋስያን ቆሻሻውን እንዲበሉት ነው። እርሾ ሊጡን እንደሚሠራው ያለ ሥራ ነው፤ ሁሉም ተሐዋስ ጠላት አይደለም።

ከሁሉ ትልቁ ጣቢያ በሪሾን ሌጽዮን አጠገብ ያለው ሻፍዳን ሲሆን የቴል አቪቭንና የአካባቢዋን ከተሞች፣ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ፍሳሽ ይቀበላል። የተጣራው ውሃ እዚያው በባሕር ዳር አሸዋ ውስጥ እንዲሰርግ ይደረጋል። ወራት ከቆየ በኋላ እንደገና በጉድጓድ ተስቦ ይወጣል። ከ1989 ጀምሮም «ሦስተኛው መስመር» በሚባለው ቧንቧ ወደ ኔጌቭ ይሄዳል። በመላ አገሪቱ ከሚወጣው ፍሳሽ ውስጥ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ተጣርቶ ለእርሻ ይውላል። በአውቶቡስ ወደ ቤር ሼቫ ስትሄዱ በምድረ በዳው መካከል አረንጓዴ እርሻ ብታዩ፣ ያጠጣው ውሃ ምናልባት አንድ ቀን በአንድ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሰሐን የታጠበበት ነው።

ጣቢያው የማያወጣው ነገርም አለ። ጨው በተሐዋስ አይበላም፤ እንዳለ እርሻው ድረስ ይሄዳል። ቀለም ማቅጠኛ፣ የመኪና ዘይት፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት እነዚህን ሁሉ ወደ ቧንቧ አትድፉ። መድኃኒቱን ወደ ኩፓት ሖሊም መድኃኒት ቤት መልሱት፤ እዚያ የሚጣልበት ዕቃ አለ።

ወደ ቧንቧው የማይጣል

የመጸዳጃ ወረቀት ወደ መጸዳጃው ይጣላል፤ በውሃ ውስጥ እንዲበታተን ሆኖ የተሠራ ነው። ሌላ ነገር ሁሉ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ነው። በተለይ ማጋቮኒም የሚባሉት እርጥብ መጥረጊያዎች ወረቀት ይመስላሉ እንጂ ወረቀት አይደሉም። በውሃ አይበታተኑም፤ በቧንቧው ውስጥ እንደ ገመድ ይገመዳሉ። ማሸጊያው ላይ «ወደ መጸዳጃ መጣል ይቻላል» ተብሎ ቢጻፍም እንኳ ቅርጫት ውስጥ ጣሉ። የሕፃናት ዳይፐር፣ ጥጥ፣ ሴቶች በወር አበባ ጊዜ የሚጠቀሙበትም እንዲሁ።

የእኛ ቤት ወጥ ቤት ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው፤ በዕብራይስጡ መመሪያ ላይ ስላልተጻፈ እዚህ ተጨምሯል። የእንጀራ ሊጥ የተቦካበትን ዕቃ ስናጥብ የቀረው ሊጥ ወደ ቧንቧ ይወርዳል። ሊጥ በውሃ ስለሚቀጥን የሚጠፋ ይመስላል፤ ነገር ግን በቧንቧው ወለል ላይ ይዘቅጣል። በላዩ የወጥ ዘይትና ቅቤ ሲመጣበት፣ ቅቤው በቀዝቃዛው ቧንቧ ውስጥ ይረጋል፤ ሁለቱ ተጣብቀው እንደ ምርጊት ይደርቃሉ። የቡና አተላና የጠላ አተላ ሲጨመርበት ሥራው አለቀ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የሊጡን ዕቃ ከማጠባችሁ በፊት በእጅ ወይም በወረቀት ጥረጉት። አተላውን በወንፊት አጥልላችሁ ቅርጫት ውስጥ ጣሉ። የተጠበሰበትን ዘይት ሲበርድ በባዶ ጠርሙስ ጨምራችሁ ክደኑና ከቆሻሻ ጋር አውጡት። ሙቅ ውሃ ማፍሰስ ቅቤውን ከእናንተ ቧንቧ አሟሙቶ ትንሽ ራቅ ብሎ እንዲረጋ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም።

ቤት በስፖንጃ ሲታጠብ ውሃውን በማጋቭ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ወለል መውረጃ ግፉት። በረንዳ ላይ ያለው ቀዳዳ ለዝናብ የተሠራ ስለሆነ የሳሙናው ውሃ በታች ባለው ጎረቤት ልብስ ላይ ሊወርድ ይችላል። ከጎረቤት ጋር የመጀመሪያው ጠብ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ሽታ የመጣ እንደሆነ

ከእጅ መታጠቢያው ሥር የታጠፈ ቧንቧ አለ፤ ሲፎን ይባላል። የታጠፈው በስሕተት አይደለም። በእጥፋቱ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይቀራል፤ ያ ውሃ እንደ በር ሆኖ ሽታና በረሮ ከፍሳሹ ቧንቧ ወደ ቤት እንዳይገቡ ይከለክላል። በወለሉ መውረጃም እንዲሁ ውሃ አለ። ለብዙ ሳምንት ካልተጠቀማችሁበት ውሃው ይደርቃል፤ ሽታው ይገባል። እንዲህ ሲሆን ኢንስታላቶር (የቧንቧ ሠራተኛ) ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ጣሳ ውሃ አፍሱበት። ሽታው ከጠፋ ገንዘባችሁ ተረፈ።

ቧንቧ መክፈቻ መድኃኒት ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ከሁሉ የከፋው ግን ኤኮኖሚካ (በረኪና) እና አሲድ ያለበትን የመጸዳጃ ማጽጃ መቀላቀል ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ መርዛም ጋዝ ይወጣል። መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ይህ ለሕይወት ያሰጋል። «ሁለቱ ቢደመሩ የበለጠ ያጸዳሉ» ማለት ፈጽሞ ትክክል አይደለም።

ሲዘጋ፦ የት ላይ ነው? የማን ነው?

ብዙ ቤተሰቦቻችን የሚገዙት ምድር ቤት ነው። ሽማግሌዎች ደረጃ አይወጡም፤ ልጆችም ግቢ አላቸው። ምድር ቤት ግን ከሁሉ በታች ስለሆነ፣ የሕንፃው የጋራ ቧንቧ ሲዘጋ የላይኞቹ ሁሉ ውሃ የሚመለሰው ወደ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ «ቤታችን ተበላሸ፣ እኛው እንክፈል» ብላችሁ ዝም አትበሉ። በመጀመሪያ የተዘጋው የት እንደሆነ ለዩ።

አንድ መታጠቢያ ብቻ ከተዘጋና ሌላው ሁሉ ደኅና ከሆነ፣ ችግሩ በዚያው ሲፎን ውስጥ ነው። ፖምፓ በሚባለው የጎማ መግፊያ ሞክሩ፤ ወይም ባልዲ ከሥር አድርጋችሁ ሲፎኑን ፍቱና አጽዱት። በቤታችሁ ያለው ሁሉ ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ የቤታችሁ ዋና ቧንቧ ነው። እነዚህ ሁለቱ የእናንተ ወጪ ናቸው። እናንተ ምንም ውሃ ሳትጠቀሙ፣ ከላይ ያሉት ሲታጠቡ በእናንተ ወለል መውረጃ ውሃ ከወጣ ግን የተዘጋው የጋራ ቧንቧ ነው።

በግቢው ውስጥ ክብ ክዳን ያለው ጉድጓድ አለ፤ ሹኻ ይባላል። ሠራተኛው የሚያየው እሱን ነው። የግቢው ሹኻ ባዶ ሆኖ ቤት ውስጥ ከሞላ፣ የተዘጋው ከቤት እስከ ሹኻው ባለው መንገድ ነው። የግቢው ሹኻ ሞልቶ የመንገዱ ባዶ ከሆነ፣ በሁለቱ መካከል ነው። ሁለቱም ከሞሉ የተዘጋው በመንገድ ያለው የሕዝብ መስመር ነው። ክዳኑን ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ከባድ ነው፣ ከሥሩም መጥፎ ጋዝ ይኖራል። ሠራተኛው ሲከፍት ግን አጠገቡ ቁሙና እዩ፤ የሚከፍለው ማን እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው።

የመንገዱ መስመር ኃላፊ በብዙ ከተማ ታአጊድ ማይም የሚባለው የውሃና የፍሳሽ ድርጅት ነው። እነዚህ ድርጅቶች በ2001 በወጣው ሕግ የተቋቋሙ ናቸው። ድርጅቱ በሌለበት ቦታ ኃላፊው ማዘጋጃ ቤቱ ወይም የአካባቢው ምክር ቤት ነው። የድርጅቱ ስልክ በውሃ ሒሳብ ወረቀታችሁ ላይ ተጽፏል። በብዙ ከተሞች ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሞኬድ 106 ብትደውሉም ይቀበሏችኋል። የደወላችሁበትን ሰዓትና የሰጧችሁን የማመልከቻ ቁጥር ጻፉ። ዕብራይስጥ የሚችል ልጃችሁ ቢደውል ምንም አይደለም፤ ነገር ግን ቁጥሩን ወላጆች ይያዙት።

በጋራ ሕንፃ ውስጥ ያለው የጋራ ቧንቧ የሁሉም ቤት ባለቤቶች ነው። በ1969 የወጣው የመሬትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ሕግ እያንዳንዱ ባለቤት ለጋራ ንብረት ጥገና እንደ ቤቱ ስፋት መጠን እንዲያዋጣ ያዛል። ስለዚህ አራተኛ ፎቅ ያለ ጎረቤት «እኔ ቤት ውሃ አልገባም፣ ለምን እከፍላለሁ?» ቢላችሁ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። በትሕትና ለቫዓድ ባይት (ለሕንፃው ኮሚቴ) አመልክቱ፤ ማመልከቻውም በጽሑፍ ይሁን። ለሠራተኛው ከከፈላችሁ ካባላ (ደረሰኝ) ተቀበሉ፤ ቧንቧው የጋራ መሆኑንም እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት። ካባላ ከሌለ ከጎረቤት ገንዘብ ማስመለስ አይቻልም ማለት ይቻላል። ጎረቤቶች እምቢ ካሉ እንዲህ ያለውን ክርክር የሚያየው መፋቄኣኽ ወይም መፋቄአኻት የሚባል የመሬት ምዝገባ ተቆጣጣሪ አለ።

ኢንስታላቶር ስትጠሩ ለመምጣቱ ብቻ ስንት እንደሚያስከፍልና ለሥራው ስንት እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ፤ ይህንንም ከመምጣቱ በፊት በስልክ። በድንጋጤ ሰዓት ዋጋ ሳይነጋገሩ «ግባና ሥራ» ማለት እንግዳ ተቀባይነት አይደለም።

ማሽካንታ የሰጣችሁ ባንክ ሕንፃው ኢንሹራንስ እንዲኖረው ያስገድዳል። የቧንቧና የውሃ ጉዳት በዚያ ኢንሹራንስ ውስጥ መኖሩን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ለብቻው የሚጨመር ነው።

በኪራይ ያላችሁ ደግሞ በ2017 የተሻሻለውን የኪራይ ሕግ እወቁ። ጉድለቱ እናንተ አላግባብ ተጠቅማችሁ ያመጣችሁት ካልሆነ፣ ጠጋኙ አከራዩ ነው። ከጠየቃችሁት ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ፣ ቤቱ ለመኖር የማይቻል ከሆነ ደግሞ በ3 ቀን ውስጥ ማስጠገን አለበት። በዓሚዳር ወይም በዓሚጉር ቤት ያላችሁ ለዚያው ድርጅት ትደውላላችሁ።

የዝናብ ውሃ ለብቻው ነው

የዝናብ ውሃ የሚሄድበት ቧንቧና የፍሳሹ ቧንቧ የተለያዩ ናቸው። የጣሪያውን ውሃ ከፍሳሹ ቧንቧ ጋር ማገናኘት ክልክል ነው። ግቢያችሁ በክረምት ውሃ ሲሞላ የሹኻውን ክዳን አንሥቶ ውሃውን ወደዚያ መልቀቅ ብልኃት ይመስላል፤ የፍሳሹ መስመር ግን ያንን ሁሉ ሊይዝ አይችልም። በታችኛው ሰፈር ባለ ምድር ቤት በኩል ተመልሶ ይወጣል። እንዲሁም የልብስ ማጠቢያውን ወይም የገላ ውሃውን ወደ ጓሮ አትክልት ለመልቀቅ ቧንቧ አትቀጥሉ፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ያለ ፈቃድ አይፈቅድም። የገላው ውሃ እስኪሞቅ የሚወርደውን ንጹሕ ውሃ በባልዲ ይዞ፣ ወይም ከማቀዝቀዣው (ማዝጋን) የሚንጠባጠበውን አጠራቅሞ አትክልት ማጠጣት ግን ይቻላል።

ስለ ሒሳቡ አንድ አስፈላጊ ነገር

በየሁለት ወሩ በሚመጣው የውሃ ሒሳብ ውስጥ የፍሳሹም ዋጋ በብዙ ቦታ አብሮ አለ። ሁለት ዋጋ አለው፤ ዝቅተኛና ከፍተኛ። ለአንድ ሰው በወር 3.5 ሜትር ኩብ ድረስ በዝቅተኛው ዋጋ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ያለው በከፍተኛው ነው። ድርጅቱ ግን በቤታችሁ ስንት ነፍስ እንዳለ ካልነገራችሁት አያውቅም። ካላስመዘገባችሁ የሚቆጥርላችሁ 2 ሰው ብቻ ነው። ስምንት ሆናችሁ የምትኖሩ ከሆነ ለስምንት ሰው የሚገባችሁ በወር 28 ሜትር ኩብ ሲሆን፣ የሚታሰብላችሁ 7 ብቻ ይሆናል፤ የቀረው በከፍተኛው ዋጋ ነው። ስለዚህ ቤት በገባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት የተኡዳት ዜሁታችሁን አባሪ ይዛችሁ የነፍሳትን ቁጥር አስመዝግቡ። ልጅ ሲወለድም እንደገና። በመጣው ወረቀት ላይ የተጻፈው የነፍሳት ቁጥር ትክክል መሆኑን ራሳችሁ ተመልከቱ።

ኒያጋራ የሚባለው የመጸዳጃው ውሃ ማጠራቀሚያ ዝም ብሎ ሊያንጠባጥብ ይችላል። ለማወቅ፣ ማታ ደረቅ ወረቀት በመጸዳጃው የኋላ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ማንም ሳይጠቀምበት ቆይቶ ጠዋት ወረቀቱ ረጥቦ ከተገኘ ማስጠገን ያስፈልጋል። ሁለት መጫኛ ካለው ትንሹ ለሽንት፣ ትልቁ ለሌላው ነው።

ከከተማ ውጭ ጉድጓድ ያለው ቤት

በአንዳንድ ሞሻቭና ከዋናው መስመር ራቅ ባሉ ቤቶች ፍሳሹ የሚገባው በግቢው ውስጥ ወዳለ ጉድጓድ ነው፤ ቦር ሶፌግ ወይም ቦር ሬኬቭ ይባላል። እንዲህ ያለ ቤት ለመግዛት ከፈለጋችሁ ጉድጓዱ የት እንዳለ፣ መቼ እንደተመጠጠ፣ ወደ ዋናው መስመር መገናኘት ይቻል እንደሆነና ስንት እንደሚያስወጣ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። በጉድጓዱ ውስጥ ከባዱ ዝቃጭ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቅባቱ ይንሳፈፋል፤ የመካከሉ ውሃ ወደ መሬት ይሰርጋል። ዝቃጩ በራሱ አያልቅም፤ ቢዩቪት የሚባል መኪና መጥቶ ይመጠዋል። መጸዳጃው ሲለቀቅ ካንቋረረ፣ ወይም በበጋ ጉድጓዱ አጠገብ ያለው ሣር ብቻ ለምልሞ መሬቱ ከረጠበ፣ ጉድጓዱ ሞልቷል ማለት ነው።

ክዳኑ ጠንካራና የሚቆለፍ መሆን አለበት። ልጆች አጠገቡ እንዲጫወቱ አትፍቀዱ። በውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ በመጀመሪያ እንደተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫ ማሽተቱን ያቆማል። ስለዚህ «አሁን አይሸትም» ማለት ደኅና ነው ማለት አይደለም። ሰው ወይም ልጅ ቢወድቅ ማንም ተከትሎ አይውረድ፤ የሚወርደውም አብሮ ይሞታል። ወደ እሳት አደጋ 102 እና ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም 101 ደውሉ፤ ከላይ ሆናችሁ ገመድ ወይም መሰላል ስጡት። ቢዩቪት ስትጠሩ ፈቃድ ያለው መሆኑንና ፍሳሹን የት እንደሚደፋ ጠይቁ። በሌሊት ሸለቆ ውስጥ የሚደፋ ሰው ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከግቢያችሁ የወጣ ስለሆነ ጥያቄው ወደ እናንተም ይመጣል። ካባላውን ከቤቱ ወረቀቶች ጋር አስቀምጡ፤ ቀኑ የተጻፈበት ስለሆነ የሚቀጥለው ጊዜ መቼ እንደሚደርስ ከእሱ ትቆጥራላችሁ።